ጆንያ ውስጥ ያለ ጨው ሙሙት አይደለም፦ ስለ አዮዲን ልኬታችን

የገበታ ጨው በውኃ ሲሟሟ የሚሆነውን ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቀዋል። የውኃ ሞለኪውሎች የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖችን ከጠጣሩ ቅንጣት ገጽ እየነጠሉ ይከባሉ፤ በመጨረሻም ከብርጭቆው አናትም ሆነ ከሥሩ ቢቀዳ መጠኑ እኩል የሆነ ሙሙት ይገኛል። በአዲ አርቃይ ገበያ በጆንያ የተቀመጠው፣ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ግን ሙሙት አይደለም። ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ የጆንያ ክፍል ወደ ሌላው መጠኑ ሊለያይ የሚችል የጠጣሮች ድብልቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሙግት፣ በልኬታችን ይህን ድብልቅ እንደ ሙሙት መቁጠራችን አኃዞቻችንን ከሚያውቁት በላይ እንዲናገሩ ያደርጋቸዋል የሚል ነው።

ጉዳዩ ለስሜንና ለአካባቢው ሕዝብ የቃላት ክርክር አይደለም። በአፈር ውስጥ የሚገኙ የአዮዲን ጨዎች በውኃ በቀላሉ ይሟሟሉ። የዘመናት ዝናብ ከተራራማው መሬት እያጠበ በዛሪማና በሌሎች ወንዞች ወደ ተከዜ ይወስዳቸዋል፤ የሚቀረው አፈርም ሆነ በእርሱ ላይ የሚበቅለው እህል አዮዲን ያንሰዋል። እንቅርት በደጋው የታወቀ በሽታ የሆነው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከእንቅርቱ የከፋው ጉዳት ግን በዓይን አይታይም፤ በእርግዝና ወቅት የሚደርስ እጥረት የጽንሱን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን የሚመክረው ለዚህ ነው።

ዝናቡ በማሟሟት የወሰደውን እኛም በማሟሟት እንመልሳለን። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ተደንግጓል። ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ፖታሲየም አዮዴትን በውኃ አሟሙቶ በጨው ላይ መርጨት ነው። ሒሳቡን እንመልከት። ለአንድ ቶን ጨው በኪሎ ግራም 40 ሚሊ ግራም አዮዲን ለመስጠት የሚያስፈልገው ፖታሲየም አዮዴት 67 ግራም ያህል ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ 9 ግራም ያህሉን ስለሚያሟሟ፣ ከአንድ ሊትር ያነሰ ውኃ ይበቃዋል። የተረጨው ሙሙት ራሱ ወጥ ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂት ፈሳሽ በአሥር ኩንታል ጨው ላይ እኩል መዳረስ አለበት። ጨው አመላላሹና ማደባለቂያው እኩል ካልሠሩ አንዱ ጆንያ ተትረፍርፎለት ሌላው ባዶውን ይወጣል።

ከዚያ በኋላ መንገዱና ክረምቱ አለ። የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ በላይ ሲሆን ጨው ውኃ ይስባል፤ የማግኒዥየም ክሎራይድ ቅሪት ካለበትም ከዚያ ባነሰ እርጥበት ይረጥባል። በሐምሌና በነሐሴ ደባርቅ ወይም ዳባት መጋዘን ውስጥ የሰነበተ ጆንያ ላዩ ሲረጥብ፣ በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ ያለው አዮዴት እንደገና ሟሙቶ ከጨዋማው ፈሳሽ ጋር ወደ ሥር ይወርዳል፤ ጆንያው ካፈሰሰም ከነጭራሹ ይወጣል። ጥሬ ጨውን አጥቦ መጠቀም በለመደ ቤት ደግሞ የመጀመሪያው እጣቢ የሚወስደው ይህንኑ ስስ ልባስ ነው። መጀመሪያውኑ በሚገባ ባልተደባለቀ ጨው ላይ ይህ ሲጨመር፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል።

ታዲያ የምንለካው ምንድን ነው? በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2011 15 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደርሰዋል። ይህ ታላቅ ስኬት ነው። ሆኖም በፈጣን መመርመሪያ ጠብታ የተገኘ ውጤት የሚነግረን በዚያች ቁንጥር ጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩን እንጂ መጠኑ በቂ መሆኑን አይደለም። የበቂነት መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው በቤት ደረጃ በኪሎ ግራም 15 ሚሊ ግራም ነው። በዚህ መጠን ሲሰላ በቀን 5 ግራም ጨው የሚሰጠው 75 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ይህም ለነፍሰ ጡር ከሚመከረው ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ቤተሰብ በዓመት ውስጥ ከብዙ ጆንያ ስለሚበላ ልዩነቱ በጊዜ ብዛት ይካካሳል የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ለአዋቂ ሰው ሙግቱ በከፊል ያስኬዳል። ለጽንስ ግን አያስኬድም፤ የአእምሮው ዕድገት የቀጣዩን ጆንያ መምጣት አይጠብቅም። ጠብታው ርካሽና ፈጣን መሆኑም እውነት ነው፤ ሊጣል አይገባውም። ሥራው ግን መለየት እንጂ መመዘን አይደለም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያ አለው፤ ደባርቅም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። በዚህ አካባቢ የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች ሦስት ነገሮችን ቢለምዱ መልካም ነው። አንደኛ፣ ናሙና ከጆንያው ላይ፣ መካከልና ሥር ለየብቻ ይወሰድ። እያንዳንዱ ናሙና 10 ግራም ያህል ተመዝኖ ሙሉ በሙሉ በውኃ ይሟሟና በታዮሰልፌት ቲትሬሽን ይለካ፤ መሟሟቱ በናሙናው ውስጥ ያለውን ልዩነት ያጠፋዋል፣ በናሙናዎች መካከል ያለውን ግን ይገልጠዋል። ሁለተኛ፣ ከአማካዩ ጋር የልዩነቱ ስፋትም ይዘገብ። ሦስተኛ፣ ወቅቱና ገበያው ይመዝገብ፤ ከሊማሊሞ በላይ በደባርቅ ብርድና ጉም የከረመ ጨው፣ ከሊማሊሞ በታች በአዲ አርቃይ ሙቀት ከሰነበተው ጋር አንድ ነው ብሎ መነሣት አይቻልም።

እነዚህ ልማዶች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ሚዛን፣ ቢዩሬት፣ ጥቂት ኬሚካልና ትዕግሥት ይበቃሉ። «አዮዲን አለው» ከሚለው መልስ አልፈን «ለማን፣ ስንት ደረሰ» የሚለውን መጠየቅ የምንችለው ያን ጊዜ ነው።