ቡናው ይወጣል፣ ሥዕሉ አይገባም

‹‹ሚዛን ተፈሪ? እዚያ ደግሞ አብስትራክት ማን ሊያይ?››

ይህችን ጥያቄ በብዙ አፍ ሰምቻታለሁ። ስብሰባ ላይ ስትቀርብ ካባ ትደርባለች፤ ‹‹ኅብረተሰቡ ለረቂቅ ሥዕል ገና ዝግጁ አይደለም›› ትባላለች። ማኪያቶ ላይ ስትነሣ ካባዋን ታወልቅና ‹‹ገበሬ ምን ይገባዋል?›› ትሆናለች። ልብስ ትለውጥ እንጂ ያችው ናት። የምትነግረንም ስለ ገበሬው ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ነው። ዛሬ ከእሷ ጋር ሒሳብ ላወራርድ ነው።

ነገሩን በአንድ አንጋፋ ሠዓሊ ላይ እንየው። ወሰኔ ኮስሮፍ በ1950 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በ1972 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን ተመረቁ፤ በ1980 ዋሽንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ፤ ኑሯቸውንም እዚያው አሜሪካ አደረጉ። የሥዕላቸው መነሻ የግዕዝ ፊደል ነው። በአክሪሊክ ቀለም ሸራው ላይ ፊደሉን ይዘረጉታል፣ ይሰብሩታል፣ ይዘቀዝቁታል፤ አንዳንዱን እግር ያወጡለታል፣ አንዳንዱን አንገቱን ይቆለምሙታል። ፊደል መሆኑን ታውቃለህ፤ አንብበው ብትባል ግን አትችልም። ‹‹ከፊል ረቂቅ›› የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ አንድ እግሩ ከምናውቀው ዓለም ውስጥ ነው፣ ሌላው ከዚያ ወጥቷል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የዚያ ዘመን አዳዲስ ሥዕሎቻቸው ‹‹የእኔ ኢትዮጵያ›› በሚል ርዕስ ለአሜሪካ ተመልካች ቀርበዋል። ሥራዎቻቸው ስሚዝሶንያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየምም ገብተዋል።

‹‹የእኔ ኢትዮጵያ›› ያሏትን አገር ሚዛን፣ ቴፒና ቦንጋ አላዩዋትም። ይህ የሠዓሊው ጥፋት አይደለም፤ ሠዓሊ ሙዚየም አይሠራም፣ መንገድም አይጠርግም። ጥፋቱ የእኛ የ‹‹ገብቶናል›› ባዮቹ ነው።

እስቲ ልጠይቅ። እነዚያን ሥዕሎች አንዴ ሚዛን ላይ እንስቀላቸው እንበል። ፊደል የቆጠረው ተመልካች ምን ያደርጋል? ለማንበብ ይታገላል። ‹‹ይቺ ‹ለ› ናት፣ ያቺ ‹ቀ› ትመስላለች›› እያለ ቃል ሲፈልግ ሥዕሉ ያመልጠዋል። ፊደል ያልቆጠሩት እናት ግን የሚያነቡት ነገር ስለሌለ መስመሩን እንደ መስመር፣ ቀለሙን እንደ ቀለም ያዩታል። ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ መኢንኛ፣ ሸክኛ፣ ካፊኛ በሚነገርበት አገር ደግሞ የአማርኛ ቃል የማይፈልግ ዓይን ሞልቷል። በዚህ ሥዕል ፊት የተማርነው እኛ ነን ባለ ዕዳዎቹ። ታዲያ ‹‹አይገባቸውም›› የሚባለው ለማን ነው?

ደግሞስ ረቂቅ ሥዕል ለዚያ አገር እንግዳ ነው እንዴ? ሱርማዎች በነጭ ሸክላ አፈር ሰውነታቸው ላይ የሚስሉትን አስቡ። መስመር፣ ነጥብ፣ ክብ፤ አንበሳ የለበት፣ ቤት የለበት። የአውሮፓ ፎቶግራፍ አንሺዎች እያነሡ በሚያማምሩ መጻሕፍት ሸጡት። አውሮፓዊው ሸራ ላይ ሲያደርገው ‹‹አብስትራክት››፣ ሱርማው ገላው ላይ ሲያደርገው ‹‹ባህል››! ያው መስመር አዲስ አበባ ሲሰቀል ረቂቅ፣ ማጂ ላይ ሲታይ የቱሪስት መስህብ የሚሆንበትን ምሥጢር የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

‹‹አልደረሱም›› የምትለው ቃል ለአዲስ አበባም ተብላ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ በ1963 እ.ኤ.አ. ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ፣ ‹‹ይህ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አይደለም›› ያሉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። ‹‹ያልደረሰው›› ከተማ የደረሰው ሥዕሉን በማየት እንጂ እስኪደርስ በመጠበቅ አልነበረም። ዛሬ ስሙን የያዘ የዘመናዊ ጥበብ ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ግጥሞቹን በቃሉ የሚወርድ ተማሪ አጥቼ አላውቅም፤ ሥዕሉን በዓይኑ ያየ ግን እምብዛም አላገኘሁም። አንድ ጊዜ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አድዬ፣ ከቴፒ የመጣ ተማሪ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየና ‹‹መምህር፣ ቀለሙስ?›› አለኝ። ሳቅን። ልጁ ግን ከሁላችንም የበለጠ ስለ ሥዕል የተናገረ እሱ ነበር።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ያለ ቡና የዚያ አገር ነገር አይነገርም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ደን የተለቀመ የጌሻ ቡና ዘር በኬንያና በታንዛንያ አድርጎ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ። በ2004 እ.ኤ.አ. ፓናማ ውስጥ ውድድር አሸንፎ በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ የዚያን ጊዜ ይህ ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። ስሙንም ‹‹ጌይሻ›› አሉት፣ የጃፓን አጫዋች ሴት ይመስል! እኛም ዓለም ካጨበጨበለት በኋላ ‹‹የእኛ እኮ ነው›› አልን። ሥዕላችንም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዐውደ ርእይ ይከፈታል፤ የመክፈቻው ምሽት ወይን ይቀዳል፤ የኤምባሲና የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ይገዛሉ፤ የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ ሥዕሉ ከሶፋው ጋር ታሽጎ ይሄዳል። ሠዓሊውን አልወቅስም፤ ልጆች ያሳድጋል፣ ኪራይ ይከፍላል። ግን ምርጥ ሥራችን እንደ ጥሬ ቡና በጆንያ ሲወጣ የቆመ ማን አለ? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ሰበቦቹን አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ‹‹መንገዱ ሩቅ ነው››። እውነት ነው፤ ከአዲስ አበባ ሚዛን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቡናው ግን ያንኑ መንገድ በየዓመቱ በጭነት መኪና ይመጣል፤ መኪናው ሲመለስ ቢራ፣ ቆርቆሮና ሳሙና ይጭናል። ለ10 ሥዕል የሚሆን ቦታ አይጠፋም። አክሪሊክ ደግሞ በውኃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ሲደርቅም እንደ ፕላስቲክ የሚተጣጠፍ ቀለም ነው፤ እንደ አሮጌ የዘይት ቀለም ቶሎ አይሰነጠቅም። በጥንቃቄ ከተጠቀለለ ይጓዛል። የገብረ ክርስቶስ የግጥም መድበል ርዕስ ‹‹መንገድ ስጡኝ ሰፊ›› ነው፤ እኛ ጠባቡንም ከልክለናል።

ሁለተኛው ‹‹እርጥበቱ››። ይህኛውን አልንቀውም። የሸካና የቤንች ዝናብ ቀልድ አያውቅም፤ ሸራ ይሻግታል፣ አክሪሊክም በሙቀት ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። መፍትሔው ግን አለመላክ ሳይሆን በበጋ መላክ ነው፤ ቡናው ተለቅሞ ባበቃበት፣ ሰዉም ትንሽ ትንፋሽ ባገኘበት በጥርና በየካቲት።

ሦስተኛው ‹‹መጀመሪያ ዳቦ››። ይህን የሚለው ሰው ዘወትር የጠገበው ነው። ቡና አምራቹ ራሱ ሠርግ ሲደግስ፣ ሙሾ ሲያወርድ፣ ቤቱን ሲያስጌጥ ‹‹ዳቦ ይቅደም›› ብሎ አያውቅም። ውበት ከጥጋብ በኋላ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ደሃ ዘፈን ባልነበረው።

የምጠይቀውም ሰማይ የሚያስነካ አይደለም። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ሚዛንም ቴፒም ላይ ግቢ አለው፤ አዳራሽ አለው፣ ዘበኛ አለው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫዎቹን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አካፈለ፤ ቢሮ ማካፈል ከተቻለ ሥዕል ማዞር አያቅትም። ቦንጋ ላይ ለብሔራዊ ቡና ሙዚየም የተሠራ ሕንፃ አለ። አዲስ አበባ ላይ በመንግሥት እጅ ያሉ ስብስቦች አሉ። የሕዝብ ንብረት ናቸው ካልን፣ ሕዝቡ ቄራና ፒያሳ ብቻ አይኖርም። 10 ሥዕል፣ 2 ሳምንት፣ በአራቱ ከተሞች። ከሥዕሉ አጠገብ በአካባቢው ቋንቋ የሚያስረዳ አንድ ሰው ይቁም፤ የመግቢያ ንግግር አይኑር፣ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣንም ባይመጣ ደስ ይለኛል።

‹‹አልገባኝም›› ብሎ የሚወጣ ሰው ይኖራል። ይውጣ! አዲስ አበባ ውስጥም ወይኑን ጨብጦ ሳይገባው የሚወጣ ስንት አለ፤ ልዩነቱ እሱ ‹‹ግሩም ነው›› ብሎ መውጣቱ ነው። ሥዕል ዓይቶ ‹‹አልወደድኩትም›› ማለት መብት ነው። ይህን መብት የሚያገኘው ግን ያየ ብቻ ነው፤ እኛ ለቡና አምራቹ እስካሁን የነፈግነውም እሱን ነው።