«ቀይሩት» የሚባል ሕክምና

ራስ ምታት ይዞት የመጣን ሰው መጀመሪያ ጥርሱን፣ ቀጥሎ ዓይኑን፣ በመጨረሻም ጉበቱን የሚቀይር ሐኪም ቢያጋጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? ብዙ ጋራዦች በአሮጌ መኪኖች ኤሌክትሪክ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እኛም ከፍለን፣ አመስግነን እንወጣለን።

እኛ ቤት አንዲት ኮሮላ ዲኤክስ አለች። ዕድሜዋ ከእኛ ይበልጣል። አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ስናድግ ትምህርት ቤት ያመላለሰችን እሷ ናት። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ቸርችል ጎዳናን ይዘን ወደ ማዘጋጃ ቤት ስንወጣ ዳገቱ ላይ ድርግም ብላ ጠፋች። መብራት የለ፣ ጡሩምባ የለ። ከኋላችን ያለው ሁሉ ሲሰድበን ቆይቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳች።

ጋራዥ ወሰድናት። «ባትሪ ነው፣ ቀይሩት» ተባልን፤ ቀየርን። ከሳምንት በኋላ ደገማት። «ዲናሞ ነው» ተባልን፤ ቀየርን። በሦስተኛው በሞተሪኖው ተፈረደበት። ሞተሪኖ ሞተር ያስነሳል እንጂ በጉዞ ላይ ለሚጠፋ መብራት ምን አገባው? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መኪናዋም ጋራዥ በደረሰች ቁጥር፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚተወው ሰው፣ ጤነኛ ትሆናለች።

ጋዜጠኝነት ስንማር «መቼ?» ብሎ ያልጠየቀ ዘጋቢ ዜና የለውም ተብለናል። በመጨረሻ ያገኘናቸው አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ትምህርቱን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ልጆቼ፣ መቼ መቼ ነው የምትጠፋው? ሲዘንብ? ስትሞቅ? ኮብልስቶን ላይ?» አሉን። ከዝናብ በኋላ፣ ስትነቀነቅ መሆኑን ልብ ያልነው ያኔ ነው።

ቀጥለው የፊት መብራቱን አስበሩና የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ፣ ሌላውን በመኪናዋ ቦዲ ላይ አሳረፉ። ግንኙነቱ ደህና ከሆነ እዚህ መካከል የሚነበበው ከ0.2 ቮልት ባይበልጥ ይመረጣል። ሽቦውን በእጃቸው ሲነቀንቁት ቁጥሩ 2ን አለፈ። ነጋቲቩ ከቦዲው ጋር የታሰረበት ቡሎን ዝጎ ላልቷል። በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው አጠበቁት። አለቀ!

መብራቱን ማስበራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የተበጣጠሰ ሽቦ አንዲት ክር ቢቀረውም፣ ምንም ካልተጫነበት ቴስተሩ ላይ 12 ቮልት ያሳያል። የሰፈራችንን ቧንቧ አስቡት፤ እንደተዘጋ ግፊት ያለው ይመስላል፣ ሲከፍቱት ግን ክር የምታህል ውኃ ናት። ሥራ ሳያሠሩ የሚለኩት ኤሌክትሪክም እንዲሁ ይዋሻል።

ጥፋቱን ሁሉ በመካኒክ ላይ ደፍድፈን ግን አናመልጥም። ሦስት ሰዓት ፈልጎ አንዲት ቡሎን ያጠበቀውን ሰው «ለዚህች ነው ይሄ ሁሉ ብር?» የምንለው እኛ ነን። ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለፍለጋ አንከፍልም። እሱም ዕቃ መሸጥን ከእኛ ተማረ።

«አሮጌ መኪና ይጥፋ» የምትሉ አላችሁ። በምን ተተክቶ? መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። የኤሌክትሪኩን መግዛት ላልቻለ ቤተሰብ ዲኤክሷ ገና ብዙ ዓመት ትኖራለች። የኤሌክትሪክ መኪኖቹስ ቢሆኑ አብዛኞቹ ያችኑ የ12 ቮልት ባትሪና የሚዝገውን ነጋቲቭ ይዘው ነው የመጡት። በ2016 ዓ.ም. አሮጌው ፒያሳ ሲፈርስ ደግሞ ለክተው የሚሠሩ የምናውቃቸው እጆች ተበትነዋል። የቀሩትን በክፍያ ካላቆየን ማን ይፈልግልናል?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ መኪናችን መቼና የት እንደምትጠፋ እንመዝግብ። የፍለጋውን ዋጋ ቀድመን እንስማማ፣ ሳናጉረመርምም እንክፈል። «ቀይሩት» የሚለንን ደግሞ «ለካኸው? ስንት ቮልት አነበበ?» እንበለው። መልስ ከሌለው ቁልፋችንን ተቀብለን እንውጣ።