«ድሪቶ» ስድብ የሆነው ለምንድን ነው?

አንድ ድርሰት ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ ውል ያጣ እንደ ሆነ ሐያስያን «ድሪቶ» ይሉታል። ቃሉ አጭር ነው፤ ፍርዱም ይግባኝ የለውም። ለመሆኑ ይህን ስድብ የሚሰነዝረው ብዕረኛ ድሪቶ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቆ ያውቃልን? ቢያውቅ ኖሮ ቃሉን ከነቀፋ ይልቅ ለምስጋና ባዋለው ነበር።

እስቲ ሥራውን እንመልከት። በየቤታችን በሶፋው መደገፊያ፣ በራዲዮውና በቴሌቪዥኑ ላይ ተነጥፎ የኖረው የኪሮሽ ዳንቴል ዛሬ በብዙ ቤት ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ከሣጥን ሥር ተጥሏል፤ አለዚያም የአቧራ መወልወያ ሆኗል። ከጎኑ ያለቀ አንሶላ፣ ጥልፍ ያለበት የትራስ ልብስ፣ የሳሳ ነጠላ ይገኛል። ይህን ሁሉ ሰብስባ ብርድ ልብስ የምታደርግ ሴት የመጀመሪያ ተግባሯ መፍረድ ነው። መርፌ የሚችለው ጨርቅ የትኛው ነው? የሚተረተረውስ? ዳንቴል ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየተሳበ የሚሠራ በመሆኑ አንዱ ክር በመቀስ ከተነካ ጎረቤቱን ይዞ ይፈታል። ስለዚህ ብልኋ ሴት አትቆርጠውም። የተበጠሱትን ቀለበቶች አስቀድማ በክር ትይዝና ዳንቴሉን እንዳለ በአቡጀዲ ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በደቃቅ ስፌት ታሳርፈዋለች። አቡጀዲው አዲስ ከሆነም ቀደም ብላ ታጥበዋለች፤ አለዚያ በኋላ ተኮማትሮ አሮጌውን ይጎትተዋልና። በመጨረሻ ፊቱን፣ በመሐል የሚገባውን አሮጌ ጋቢና ገበሩን አንድ ላይ እየወጋች ታያይዛለች።

እንግዲህ ምርጫ፣ አቀማመጥና ሚዛን ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው? ገጣሚስ ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል? ቃላቱን እርሱ አልፈጠራቸውም፤ በሌሎች አፍ ያረጁትን ተቀብሎ አዲስ ቦታ ይሰጣቸዋል እንጂ። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ያሉ አበው ጨርቅንና ቃልን በአንድ ሚዛን አስቀምጠዋል።

«ይህ ችግር የወለደው የቤት ውስጥ ሙያ እንጂ ኪነ ጥበብ አይደለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። በእርግጥ ድህነት አይሞገስም፤ ድሪቶ የለበሰ ሰው ብርድ አስገድዶት እንጂ ጥበቡ እንዲደነቅለት ብሎ አልለበሰም። ይሁንና ችግር መርፌ ያስይዛል እንጂ ቀዩን ከሰማያዊው አጠገብ አያኖርም። እርሱ የዐይንና የልቡና ሥራ ነው።

ለዚህም ሩቅ አገር ያለ ምስክር አለን። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ተወላጆች የሆኑ ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ ብርድ ልብስ ሲደርቱ ኖረዋል። ከእነርሱ አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 እ.ኤ.አ. ባሏ በሞተ ጊዜ የሥራ ልብሱን ተርትራ ብርድ ልብስ አደረገችው። የመንደሪቱ ሴቶች ሥራ በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በታላቅ ዐውደ ርእይ የታየው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2006 ደግሞ በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ከመርፌው እስከ ሙዚየሙ ስድሳ ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስፌቱ ያው ስፌት ነው፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው።

እኛስ ስድሳ ዓመት እንጠብቅ? በየባዛሩ ሥዕሉ ከነሠዓሊው ስም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዳንቴሉና ብርድ ልብሱ «የሴቶች የእጅ ሥራ» በሚል የወል መጠሪያ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል። ስም የሌለው ሥራ ሐያሲ የለውም፤ ሐያሲ የሌለው ሥራ ደግሞ መልካሙ ከመጥፎው ሳይለይ አብሮ ይጣላል። የተደረተ ሁሉ ጥበብ ነው አላልንም። በችኮላ የተጣበቀ፣ ዳንቴሉን ቆራርጦ ያበላሸ፣ በሁለተኛው እጥበት የሚበታተን ሞልቷል። ይህን ለይቶ መናገር ግን የሐያሲ ግዴታ ነው።

ስለዚህ የባህል ሠራተኛው ዐውደ ርእይ ሲያሰናዳ የሠሪዋን ስም፣ ዓመቱን፣ ጨርቁ ቀድሞ ምን እንደ ነበር ይጻፍ። የሥዕል መምህሩ ተማሪዎቹን ስለ ቀለም ስምምነት ሲያስተምር ከየቤታቸው አንድ አሮጌ ዳንቴል ያስመጣቸው፤ ማን እንደ ሠራውም ጠይቀው ይምጡ። ሐያሲውም «ድሪቶ» ከማለቱ በፊት አንዱን ገልብጦ የውስጡን ስፌት ይመልከት፤ ውል ላጣው ድርሰትም ሌላ ስድብ ይፈልግለት።