የወንድ ንቅሳት መጤ ነውን? ስለ ትንንሽ የወንዶች ንቅሳት ለሚነገረው አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

ስለ ንቅሳት በተነሣ ቁጥር እንደ ተረጋገጠ ነገር የሚቀርብ አንድ አስተያየት አለ። ንቅሳት በባህላችን የሴት ጌጥ ነው፤ በወጣት ወንዶች ክንድና የእጅ አንጓ ላይ የምናየው ትንሽ መስቀል፣ ፊደል ወይም ዓመተ ምሕረት ግን ከእግር ኳስ ሜዳና ከሙዚቃ ቪዲዮ የተቀዳ፣ ሥር የሌለው ነገር ነው ይባላል። አስተያየቱ ማጽናኛም አለው፦ ምልክቱ ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱም ትንሽ ነው፤ ልጁ ሲበስል ያስጠፋዋል ወይም በሰዓት ማሰሪያ ይሸፍነዋል። ይህን የሚሉት ስለ ነገሩ ያላሰቡበት ሰዎች ብቻ አይደሉም። ባህል የሚያጠኑ፣ ወጣቶችን በቅን ልቦና የሚመክሩ ሰዎችም ይሉታል። እኔ ግን የመጀመሪያው ክፍል ከታሪክ ማስረጃ ጋር፣ ሁለተኛው ደግሞ ከቆዳ ተፈጥሮ ጋር ይጋጫል እላለሁ። ሁለቱ ስሕተቶች ይደጋገፋሉም፤ ሥር የለውም ብለን የተውነውን ነገር አንመረምረውም፣ ካልመረመርነው ደግሞ ወጣቱን የሚመክረው የስልኩ ሥዕል ብቻ ይሆናል።

በቅድሚያ እውነት ያለበትን ልቀበል። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ዙሪያ ድርብርብ መስመር የተነቀሰች ወይም ድዷን የጠቆረች እናትና አያት ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ቀለሙ ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ በእሾህ ወይም በመርፌ እየተወጋ ወደ ቆዳ ይገባል። ቤተ እስራኤል ከሆኑ እናቶች መካከል እንኳ ግንባራቸው ላይ የተነቀሰውን መስቀል ይዘው እስራኤል የገቡ አሉ። ወንዶች ግን በዚህ ሥዕል ውስጥ እምብዛም አይታዩም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የታቱ ማሽንም የውጭ ነው፤ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ ነቃሽ እ.ኤ.አ. በ1891 ኒው ዮርክ ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሲሆን መነሻው የኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር ነበር። ማሽኑ መጤ መሆኑን ማንም አይክድም። ክርክሩ ድርጊቱም መጤ ነው ወይ የሚለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ማስረጃችን ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል። የሴቷ ንቅሳት የሚያርፈው ግንባርና አንገት ላይ፣ ማለትም ዓይን በሚደርስበት ቦታ ነው። ዘፋኙ ያወድሰዋል፣ እንግዳው ፎቶ ያነሣዋል፣ ተመራማሪው ይጽፈዋል። እጅጌ ውስጥ ያለ ምልክት ዘፈን አይወጣለትም። ስለዚህ ዘፈንና ፎቶ ያላነሡትን ነገር «አልነበረም» ብሎ መደምደም ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

ይህ ዓይነቱ ድምዳሜ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የግብፅ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ በጥንታዊት ግብፅ የሚነቀሱት ሴቶች ብቻ እንደ ሆኑ ይታመን ነበር። መነሻ የሆኑት በዴር ኤል ባሕሪ የተገኙ የሴቶች አስከሬኖች፣ በተለይም ሐቶር የምትባለው እንስት አምላክ አገልጋይ የነበረችው አሙኔት፣ እንዲሁም የሴት ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ ምስሎች ነበሩ። በላይኛው ግብፅ ገበሌን ከሚባል ቦታ የተገኘ የአንድ ወጣት ወንድ አስከሬን ግን ከመቶ ዓመት በላይ በብሪቲሽ ሙዚየም በሕዝብ ፊት ተቀምጦ ነበር። ክንዱ ላይ የጠቆረ ነገር ይታያል፤ ነገር ግን ማንም ቦታ አልሰጠውም። በኢንፍራሬድ ካሜራ ታይቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም ጥቁረቱ ንቅሳት ሆኖ ተገኘ፦ አንድ ረጅም ጅራት ያለው በሬና ከላዩ የበረሃ በግ የሚመስል ቀንዳም እንስሳ። ሰውየው ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 21 ዓመት የሚገመት፣ ጀርባው ላይ ተወግቶ የሞተ ወጣት ነው። ቅርጽ ካላቸው ንቅሳቶች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚ ከሆኑት ጋር ይመደባል። መቶ ዓመት ሙሉ ያልታየው «የሴት ነው» የሚለው እምነት ዓይን ስለ ጋረደ ነው።

ከዚህ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር በረዶ ውስጥ የተገኘውን፣ ኦትዚ የተባለውን ሰው ማንሣት ይበቃል። ከ5,300 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ወንድ ነው። ገላው ላይ 61 ምልክቶች ተቆጥረዋል፤ አብዛኞቹ አጫጭር ትይዩ መስመሮች ሲሆኑ ጥቂት መስቀለኛ ምልክቶችም አሉባቸው፤ ቀለሙም ከከሰል የተገኘ ነው። ብዙዎቹ ያረፉት ወገብ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ፣ መገጣጠሚያዎቹ በተጎዱበት አካባቢ ስለሆነ ለሕክምና የተደረጉ ናቸው የሚል ግምት አለ።

ወደ ቅርባችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይመለከተናል። በሮማ ግዛት ምልክት የሚወጋባቸው ባሪያዎችና የተፈረደባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፊት እንዳይወጋ ሲከለክል እጅንና ባትን ግን ፈቅዶ ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን የጋዛው ፕሮኮፒዎስ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 44 ቁጥር 5ን ሲተረጉም፣ ብዙ ክርስቲያኖች በእጅ አንጓቸው ወይም በክንዳቸው ላይ የመስቀል ምልክት ወይም የክርስቶስን ስም እንደሚያደርጉ ይጠቅሳል። የውርደት ምልክት የነበረው በአማኙ እጅ የምስክርነት ምልክት ሆነ ማለት ነው። እስከ ዛሬም የግብፅ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወንዱም ሴቱም በቀኝ እጁ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳል፤ ብዙዎች የሚነቀሱት ገና በልጅነታቸው ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጳጳሳታችን ከእስክንድርያ ይመጡልን እንደ ነበር ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ ልማድ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ በላይ የማተኩረው ግን ኢየሩሳሌም ላይ ነው፤ ትንሽ ንቅሳት ለምን ትንሽ እንደ ሆነ የሚያስረዳው እዚያ ያለው ሥራ ነውና። በአሮጌው ከተማ በያፋ በር አጠገብ የሚሠራው የራዙክ ቤተሰብ ሙያውን ከግብፅ ይዞ እንደ መጣና ለ700 ዓመታት ከአባት ለልጅ እንዳስተላለፈው ይናገራል። የቤቱ ሀብት ከወይራ እንጨት የተቀረጹ ማኅተሞች ናቸው። ማኅተሙ በቀለም ተነክሮ ቆዳ ላይ ይታተማል፤ ነቃሹ የታተመውን መስመር ተከትሎ በመርፌ ይወጋል። ተመራማሪው ጆን ካርስዌል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እነዚህን ማኅተሞች አጥንቶ በመጽሐፍ አሳትሟቸዋል። መስቀል፣ ትንሣኤ፣ ድንግል ማርያም፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፤ ከሥራቸው ደግሞ ሰውየው የተሳለመበት ዓመት። ምልክቱ በእጅ መዳፍ ልክ ወይም ከዚያ ያነሰ የሆነው ማኅተሙ እንጨት ስለሆነ፣ ወጊው በእጁ ስለሚሠራ፣ ተሳላሚው በበዓል ግርግር ውስጥ ተራ ጠብቆ ወደ አገሩ የሚመለስ መንገደኛ ስለሆነ ነው። መስመሩ ወፍራም፣ ቅርጹ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ሲያረጅም ይነበባል።

ደንበኞቹም ግብፃውያን፣ ሶርያውያን፣ አርመኖችና ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ነበሩ፤ የእኛ መነኰሳት ገዳም ዴር ሱልጣን የሚገኘው እዚያው ከተማ፣ የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። የምዕራቡም ሰው ከዚያው ወስዷል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ዊልያም ሊትጎው እ.ኤ.አ. በ1612 ኢየሩሳሌም ውስጥ ተነቅሷል። ኋላ ኤድዋርድ 7ኛ የተባለው የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ እ.ኤ.አ. በ1862፣ ልጁ ጆርጅ 5ኛ ደግሞ በ1882 በዚያችው ከተማ ክንዳቸውን አስወግተዋል። «ከምዕራብ መጣ» የሚለው አስተያየት ቢያንስ በዚህ አንድ መስመር ጉዞውን ገልብጦታል፤ የአውሮፓው ልዑል የተቀበለው የምሥራቅ ክርስቲያኖች ሲያደርጉት የኖሩትን ነው።

የሚነሣ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ይከለክላል የሚል። ቁጥሩ ንቅሳትን የሚያነሣው ስለ ሙታን ሥጋን ከመቧጨር ጋር አያይዞ ነው፤ ይህንኑ መጽሐፍ የሚያነብቡ የግብፅ ክርስቲያኖች መስቀሉን ከእጃቸው አላወጡም። ለዛሬ ምእመን ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለውን የሚወስኑት ሊቃውንቱ ናቸው፤ እኔ በዚያ አልገባም። ነገር ግን «ተከልክሏል» ማለትና «በታሪክ አልነበረም» ማለት የተለያዩ ክርክሮች ስለሆኑ አንዱን ለሌላው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። በተመሳሳይ ጥንቃቄ፣ በደቡብ ኦሞ የሙርሲ ወንዶች ቆዳቸውን ሠንጥቀው የሚያወጡትን የጠባሳ ምልክት ለራሴ ወገን አልቆጥረውም። ቀለም የሌለው ሌላ ጥበብ ነው፤ የራሱ ጥናት ይገባዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ «ትንሽ ስለሆነ ምንም አይደለም» ወደሚለው። ይህ አባባል ወጣቶችን በቀጥታ ስለሚጎዳ ዝም ልለው አልችልም። መርፌው ቀለሙን የሚያስቀምጠው ከላይኛው የቆዳ ንብርብር በታች፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እዚያ ማክሮፌጅ የሚባሉ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ቀለሙን ይውጡታል። በፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሕዋሱ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም ተተኪው ሕዋስ መልሶ ይውጠዋል። ንቅሳት የማይለቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንሽ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ መስመሩ ይሰፋል። ትልቅ ሥዕል ይህን ይችለዋል፤ ትንሹ ግን በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።

ፊደላችን ደግሞ ለዚህ ጉዳት ከሌሎች ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በግእዝ ፊደል አናባቢውን የሚለየው አንዲት አጭር ጭረት ወይም አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት። «ቤ» ከ«ቢ» የምትለየው በእግሯ ላይ ባለው ቀለበት ነው፤ ቀለሙ ሰፍቶ ቀለበቱ ሲዘጋ «ቤዛ» ብሎ ያስነቀሰ ሰው «ቢዛ» የሚል ክንድ ይዞ ይቀራል። የልጁን ወይም የእናቱን ስም በሩዝ ፍሬ መጠን በእጅ አንጓው ላይ ለማስጻፍ ለሚያስብ ወጣት የምሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ ፊደሉ ቁመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ ቀለበቶቹ ሰፋ ብለው ይሣሉ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይቅር። ውስጡ በሐረግ የተሞላ የላሊበላ መስቀልም በአውራ ጣት ጥፍር ልክ አይነቀስም፤ ጥቂት ዓመት ሲቆይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። በዚያ መጠን የሚያምረው የቀላሉ መስቀል ዙሪያ መስመር ነው፤ የኢየሩሳሌም ማኅተም ቀራጮች ከእንጨቱ የተማሩት ይህንኑ ነው።

የቆዳችን ቀለምም ውሳኔ ውስጥ መግባት አለበት። ቀለሙ የሚታየው ከላዩ ባለው ቆዳ በኩል ስለሆነ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቢጫ፣ ነጭና ሐመር ቀለሞች አይጎሉም፤ ጥቁር ግን ጸንቶ ይታያል። ጠባሳው አብጦ የሚወጣበት ኬሎይድ የሚባለው ችግርም ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ከዚህ በፊት ቁስሉ እንዲያ ያበጠበት ሰው ትንሽም ቢሆን ባይነቀስ ይሻለዋል። ጣትና መዳፍ ላይ የተነቀሰ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ዘወትርም ይታሻል። ንጽሕናው ያልተጠበቀ መርፌ የጉበት ቫይረሶችን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ አንድ ነጥብ ይበቃል። በሌዘር ማስወገድም ተመላልሶ መታከም የሚጠይቅና ብዙ ወጪ ያለው ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ የቆዳውን የራሱን ቀለም የመጉዳት አደጋም አለው።

ታዲያ ለወንድ የሚሆን ትንሽ ንቅሳት ምን ዓይነት ነው ለሚለኝ፣ ከቅርጹ በፊት ሦስት ነገር እንዲያስብ እነግረዋለሁ፤ የምን ምስክር ነው፣ ማን እንዲያየው ነው፣ ሰባ ዓመት ሲሞላኝ ይነበባል ወይ። የግብፁ ልጅ መስቀል ሦስቱንም ይመልሳል፦ የእምነቱ ምስክር ነው፣ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ያየዋል፣ ጥቂት ወፍራም መስመር ብቻ ነው። የተሳላሚው ዓመትም እንዲሁ። ከካታሎግ የተመረጠ አንበሳ፣ ኮምፓስ ወይም የሮማ ቁጥር ምናልባት ያምር ይሆናል፤ ለእነዚህ ጥያቄዎች ግን መልስ የሌለው ከሆነ ለባለቤቱ የሚናገርለት ነገር የለውም።

ባህል ለምታጠኑ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ኢየሩሳሌም ተሳልመው የተመለሱ አባቶች በየአጥቢያው አሉ፤ በየገዳሙና በየገጠሩም ምልክቱ ያለባቸው ሽማግሌዎች ይኖራሉ። እጅጌያቸውን እንዲሰበስቡላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ ምልክቱን ፎቶ አንሡ፣ ማን እንደ ወጋው፣ የት፣ መቼና በምን ቀለም እንደ ሆነ መዝግቡ። «የሴት ብቻ ነው» የሚለውን ፍርድ ከመድገማችን በፊት ይህ መዝገብ በእጃችን ይግባ።