ሃይላንዱ ውስጥ የነበረው ናፍጣ

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች ጉንፋን እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ይቆየን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪና ፕላስቲክ ነው። ነርስ ስለ መኪና ምን አገባት የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እስኪ ትንሽ ታገሡኝ።

ልጄ አሮጌዋን ቪትዝ እንደ ሁለተኛ ልጁ ነው የሚንከባከባት። በፋሲካ ሰሞን ላቫጆ ወስዶ ሰም አስቀባት። ቀለሟ አማረ፣ የፓራውልቱ ጥቁር ፕላስቲክና የስፖኪዮው ሥር ግን ነጫጭ ነጠብጣብ አወጣ። ቀለም ያልተቀባው ጥቁር ፕላስቲክ እጃችሁን ብታሳልፉበት ሸካራ ነው። ለቀለሙ የተሠራው ሰም በዚያ ሸካራ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፀሐዩም አለ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ጨረሩ ይበረታል፣ ፕላስቲኩንም ያገረጣዋል።

ታዲያ አንዱ አጣቢ «ጋሼ፣ ናፍጣ አስነኩት፣ አዲስ ይሆናል» አለው። እውነትም አበራ፣ ለሳምንት ያህል። ከዚያ የመንገዱ አቧራ ሁሉ እላዩ ላይ ተለጠፈ፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ተዥጎረጎረ። የመስኮቱ ጎማም አብጦ ልስልስ አለ፤ እንዲህ ያለው ጎማ ናፍጣ ሲነካው እየመጠጠ ያብጣል። ልጄ ግን «ሳያንሰው አልቀረም» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሃይላንድ ናፍጣ ይዞ ግቢዬ መጣ።

ቡና እየቆላሁ ነበር። ሃይላንዱን ከጎማው አጠገብ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እናቶችን «መርዝ በመጠጥ ዕቃ አታስቀምጡ» እያልኩ የኖርኩ ሴት፣ አይቼው አለፍኩ። ቡናው እንዳያርብኝ ብዬ።

ወዲያው የልጅ ልጄ ሲስል ሰማሁ። አራት ዓመቱ ነው። ክዳኑ በአንድ እጁ፣ ሃይላንዱ በሌላው፣ አፉ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እናቱ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ልትከት ስትሮጥ «ተይ! እንዳታስመልሺው!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴም ወተት ይዛ ደረሰች፤ «እትዬ፣ ይቅርብን» አልኳት። ቅር ብሏት ነበር፣ በኋላ ሄጄ አስረድቻታለሁ።

ለእናንተም ላስረዳ። ናፍጣም ሆነ ላምባ ወይም ቤንዚን ሆድ ውስጥ ገብቶ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ወደ ሳንባ ያመለጠው ይከፋል። ቀጭን ስለሆነ ልጁ ሲውጠው ትን ብሎት ጥቂቱ በአየር ቧንቧው ይገባል፤ ሲያስመልሰው ደግሞ ያው ናፍጣ በጉሮሮው ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ዕድል ያገኛል። ወተት አያረክሰውም፤ ሆዱን ሞልቶ ያስመልሰዋል እንጂ። ሥራ በጀመርኩበት የገጠር ጤና ጣቢያ ላምባ ጠጥቶ፣ ወተት ተግቶ፣ በግድ እንዲያስመልስ የተደረገ ሕፃን አምጥተውልን ነበር። ሲደርስ ሆዱ እየተሰረጎደ ነበር የሚተነፍሰው። ሌሊቱን አልዘለቀውም። የእናቱን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም፤ ያደረገችው ሁሉ ለልጇ ይበጃል ብላ ነበር።

እኛ አፉን ጠረግንለት፣ ናፍጣ የነካውን ልብሱን አውልቀን ገላውን በሳሙና አጠብን፣ ቀና አድርገን ታቅፈን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሃይላንዱንም ይዤ ነበር፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ጠጣ? ምን ያህል?» ብሎ ነውና። ሳሉ ካልቆመ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከደነዘዘ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ደህና ቢመስልም ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት አለበት። የእኛው ራጅ ተነሣ፣ ጣቱ ላይ መሣሪያ አድርገው ኦክስጅኑን እየለኩ እስከ ማታ አቆዩትና ለቀቁት። ሐኪሙ የመጨረሻ ልጄን የሚያክል ነው። «በምን ዕቃ ነበር የተቀመጠው?» ሲለኝ በውኃ ዕቃ አልኩት። ነርስ መሆኔን አልነገርኩትም።

ወደ ፕላስቲኩ ልመለስ። የደረቀ ሰም በለብ ያለ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ደጋግሞ ሲታሽ ይለቃል። ሰም ከመቀባታችሁ በፊት ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ደግሞ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል። ማሳመሪያ የግድ ከሆነ ለውጭ ፕላስቲክ ተብሎ የተሠራውን፣ መሠረቱ ውኃ የሆነውን ግዙ፤ እሱም ቢሆን ከራሱ ዕቃ አይውጣ፣ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጥ። በረኪና አታስነኩት።

እሑድ ልጄ ተንበርክኮ በብሩሽ ሲፈገፍግ ዋለ። ነጩ አብዛኛው ለቀቀ፤ ያበጠውን ጎማ ግን ጋራዥ ይቀየር ብለውታል። ትንሹም አጠገቡ ቆሞ «ብሩሹን ስጠኝ፣ እኔም ልጠብ» ሲል ነበር። የሳሙናውን ባልዲ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት።