ሰው የሚንጠለጠልበት ገመድ የላም ገመድ አይደለም

ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ። የምጽፈው ስለ ገመድ ነው። "ቲቸር ደግሞ ዛሬ ስለ ገመድ!" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ሳቁብኝ።

ባለፈው ወር እዚሁ ሙዱላ ግቢዬ ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ አስቆፍር ነበር። የሚቆፍረው ልጅ የድሮ ተማሪዬ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ሲል መውጫና መውረጃ ገመድ ጠየቀኝ። እኔም ላሟን የማስርበትን ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ፈትቼ ሰጠሁት። ሁለት ዓመት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ገመድ ነው። ጠዋት በእሱ ወረደ። ረፋዱ ላይ አፈር የሞላ ባልዲ ስንጎትት ገመዱ አፋፉ ላይ ካጋደምነው ግንድ ጋር የሚፋተግበት ቦታ ላይ ተበጠሰ። ባልዲው ከልጁ ትከሻ አንድ ስንዝር ርቆ ወደቀ። ቀጥሎ በዚያው ገመድ የሚወጣው ራሱ ልጁ ነበር።

ጎረቤቴ "ተመስገን፣ ቀኑ አልደረሰም" አለ። እኔም አሜን ብያለሁ። ጠቤ ግን "ቀኑ" ከምንለው ነገር ጋር ነው። ልጁ ቢሞት ኖሮ "ቀኑ ደርሶ ነው" ብለን፣ ለቅሶ ተቀምጠን እንበተን ነበር። ገመዱን ማን ሰጠው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ፊዚክስ የማስተምረው እኔ!

"ገመዱ እኮ ሁለት ሰው ይችላል፣ ጎትቼ አይቼዋለሁ" ትሉኛላችሁ። ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ። ዝም ብሎ የተንጠለጠለ 60 ኪሎ ሰው ገመዱን የሚስበው በ60 ኪሎ ነው። ያው ሰው እግሩ ከድቶት አንድ ሜትር ወድቆ ገመዱ በአሥር ሳንቲም ርቀት ውስጥ ቢያስቆመው ግን፣ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በአማካይ 11 እጥፍ፣ ማለትም እንደ 660 ኪሎ ነው። በእጅ ጎትቶ መሞከር ይህን አያሳይም።

በዚያ ላይ ገመዱ እንደ ተገዛ አይቆይም። ርካሹን የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ቀለሙ ሲደበዝዝና በእጅ ሲታሽ ሲፈረፈር አበቃለት። ቋጠሮ ብቻውን የገመድን ጉልበት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ እኛ ደግሞ የተበጠሰውን በተበጠሰው እንቀጥላለን። የእንሰት ቃጫም ቢሆን ለቤትና ለአጥር ጥሩ ነው፣ እርጥበት ሲቆይበት ግን ከውስጥ ይበሰብሳል። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባላል። እኛ ግን ስንት ሰው ከዛፍና ከጉድጓድ ሲወድቅ እያየን ልጡን አንፈራም!

"አባቶቻችን በዚሁ ሲወጡ ኖረዋል" የሚለውም አይዋጥልኝም። ትግራይ ያለውን ደብረ ዳሞን ተመልከቱ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ ገዳም ነው፤ ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ ገደል በቆዳ ገመድ ይወጣል። ግን ሰው አንዱን ገመድ በእጁ ይዞ ሲወጣ፣ ሌላ ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮ ከላይ መነኮሳቱ ይስቡታል። አንዱ ቢከዳ ሌላው አለ። አባቶች እንዲህ ነው የወጡት፤ በላም ገመድ አይደለም።

ነገሩ የድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1865 እ.ኤ.አ. ማተርሆርን የሚባለውን የስዊዘርላንድ ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት ሰባት ሰዎች ሲመለሱ አንዱ አዳለጠው፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ አራቱ ሞቱ። መሪያቸው ዊምፐር በኋላ ሲያየው የተበጠሰው ከያዟቸው ገመዶች ሁሉ ደካማው ነበር። የተሻለ ገመድ አብሯቸው ነበር! የገደላቸው የገንዘብ ማነስ አልነበረም፣ "ይሄም ይበቃል" ማለት ነው እንጂ።

እኛን የሚገድለንም ይኸው "ይበቃል" ነው። ቤት ሲሠራ ለበሩ ቀለም ሦስት ሱቅ እንዞራለን፣ ሰው ለሚንጠለጠልበት ገመድ ጓሮ ነው የምንሄደው። ቆፋሪው፣ አቮካዶ የሚያወርደው፣ ቀፎ የሚሰቅለው፣ ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚመለምለው ልጅ ተከራክሮ ገመድ ማስለወጥ አይችልም፤ ሥራውን ይፈልገዋላ! የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለአንድ ቀን ሥራ በር ላይ ተስማምተን የምናሠራ እኛ ግን ራሳችንን አሠሪ ብለን አንቆጥርም። ሕጉ ባይደርስብን ህሊናችንስ?

ስለዚህ አሠሪዎች፦ መሰላል የሚደርስበት ቦታ ሁሉ መሰላል አቅርቡ። ገመድ ግድ ከሆነ አዲስና ወፍራም ይሁን፣ ለሰው ብቻ ይቀመጥ፣ ከፀሐይ ይራቅ፣ የሚፋተግበት ቦታ ላይ ጆንያ ይነጠፍ፣ ሁለተኛ ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰር። ያረጀውን ደግሞ ቆራርጣችሁ ጣሉት፤ አስቀምጣችሁት ሌላ ሰው እንዳያነሳው።

ተማሪዎቼ ደግሞ፦ ገመዱን ሳታዩ አትውረዱ። አሠሪው ቢቆጣ "ቲቸር ነው ያለኝ" በሉ። እኔንም ጨምሮ። ያ ልጅ ያን ቀን አፍሮ ዝም ባይለኝ ኖሮ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ገመድ አይሆንም" ቢለኝ ኖሮ፣ እኔ ነበርኩ ማፈር የሚገባኝ።

የላሟን ገመድ ቆራርጬዋለሁ። እናንተስ ጓሮ ውስጥ ምን አላችሁ? ዛሬውኑ እዩት።