ብር ለመደበቅ የሚመች መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት አንድ የንባብ ዝግጅት ላይ ተጠርቼ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ቆሎና ለስላሳ ዞረ። ከዚያ አንድ የክብር እንግዳ ማይኩን ያዙና ዕድሜያችንን ሙሉ የሰማናትን ቀልድ አወሩ፦ «ከሐበሻ ገንዘብ መደበቅ ከፈለጋችሁ መጽሐፍ ውስጥ ክተቱት» የምትለዋን። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም በይሉኝታ ጥርሴን አሳየሁ። ቤቴ ስገባ ግን በራሴ ተናደድኩ። ምኑ ነው ያሳቀኝ?

ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ለማታውቁኝ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። (የቀድሞ ተማሪዎቼ እዚህ ሞልታችኋል። የፊደል ግድፈት ካገኛችሁ ዝም በሉ፣ አራሚው እኔ ነኝ።) ጉሮሮዬ ጠመኔውን አልችል ሲል ጸጥ ያለ ቦታ ልሂድ ብዬ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛወርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ የወጣት ማዕከል ግቢ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፤ አለቆቼም ፌስቡክ አላቸው።

ጸጥታውንማ ተዉት። ግድግዳው ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ዲኤስቲቪ አለ። አርሴናል ሲያገባ ማስታወቂያው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ከደብተራቸው ቀና ሳይሉ «ማን አገባ?» ይባባላሉ። ከጩኸቱ ብቻ የየትኛው ቡድን ጎል እንደሆነ የሚለይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለኝ። ፊዚክሱንም እንዲሁ ቢለየው ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። «ይሄ ትውልድ አያነብም» የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ አንድ ቀን እኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ጠዋት በሩን ሳልከፍት ሰው ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ የሚገቡት ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ናቸው። አዲስ ዘመንን ከእጄ ተቀብለው ከርዕሰ አንቀጹ እስከ ጨረታው ያነቧታል። ጨረታው ምን ያደርግልዎታል ብላቸው «ማን ምን እንደሚሸጥ ማወቅ ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከእሳቸው ቀጥለው ሥራ ፈላጊዎቹ ይገባሉ። ከነሱ መሀል አንዱ አላስችል ይለውና ክፍት የሥራ ቦታውን በምላጭ ቆርጦ ኪሱ ይከታል። የማስታወቂያው ጀርባ ደግሞ ሁሌም ጋሼ የጀመሩት ጽሑፍ ነው! አንድ ቀን ጋዜጣውን ዘርግተው በቀዳዳው በኩል አዩኝና፦

«አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ሥራውን አገኘ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ።»

«ካገኘ ይሁንለት። ካላገኘ ግን ጽሑፌን ይመልስ።»

ጥያቄ ይዘው የሚመጡትንማ ብጽፋቸው መጽሐፍ ይወጣቸዋል። «ያ ቀዩ መጽሐፍ አለ?» የሚለውን ለምጄዋለሁ፤ ማርያምን፣ ከሁለት አንዴ አገኘዋለሁ። አንድ ጎረምሳ መጥቶ «የወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብር አለ?» አለኝ። አውጥቼ ሰጠሁት። ሽፋኑን አይቶ መለሰልኝ። «ይሄ የሐዲስ አለማየሁ ነው፣ እኔ የፈለግሁት የወጋየሁን ነው።» አትሳቁበት። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው፤ ልጁ ግን የሚያውቀው ወጋየሁ በሬዲዮ በተረከበት ድምፅ ነው፣ እሱንም ከአባቱ ስልክ ላይ ነው የሰማው። «ውሰደው፣ ድምፁም ውስጡ አለ» አልኩት። ተጠራጥሮኝ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ላጥፋ ስል «አንዴ ጋሼ፣ ይቺን ገጽ» እያለ ይለምነኝ ነበር።

ደግሞ አደራደሩ! አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዩይ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣውን የቁጥር አከፋፈል ነው የምንጠቀመው፤ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ይውላል። ከእኔ በፊት ግን አንድ ቅን ሰው፣ ሥልጠና ሳይሰጡት ቁልፉን ብቻ አስረክበውት፣ መጻሕፍቱን በርዕሳቸው እየገመተ ደርድሯቸው ሄደ። የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ጂኦግራፊ ውስጥ አገኘሁት። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» ከሥነ ፈለክ ጋር። የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» ሙዚቃ መደርደሪያ ላይ። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ትኩሳት» ደግሞ፣ እንደገመታችሁት፣ ሕክምና ውስጥ። ይህንን የመጨረሻውን ከማስተካከሌ በፊት አንድ የነርሲንግ ተማሪ አወረደው። ከሰዓቱን ሙሉ ከወንበሩ አልተነሣም። ማስታወሻ ግን አልያዘም።

ከሁሉም የምወደው አንድ የተተረጎመ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። ገጽ 12 ላይ አንድ ክፉ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ገዳዩ ወንድምየው ነው» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በሌላ እጅ «እግዚአብሔር ይይልህ» ተጽፏል። ከዚያ ሥር በእርሳስ «ውሸቱን ነው፣ አትስሙት፣ ቀጥሉ» ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ አራተኛ ሰው መጥቶ «ውሸቱን አልነበረም» ብሎ ፈርሟል። አራት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ሲጨቃጨቁ ዓመት ሞላቸው። አያነብም ያላችሁት ሕዝብ ይሄ ነው።

መጽሐፉ ላይ መጻፍ ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ። አስተማሪ ነበርኩ እኮ። ብይዛቸው አራቱንም እቆጣቸው ነበር፤ ከዚያ ሻይ እጋብዛቸው ነበር።

የብሩን ነገር ላንሣ። ከውጭ በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት አሉን። አንዳንዶቹ እጅግ ጠቃሚ ናቸው፣ ሰጪዎቹን እግዜር ይስጥልን። አንዳንዶቹ ግን የላኪው ቤት ሲጸዳ የወጡ ናቸው። ከነዚህ አንዱ በበረዶ ላይ እንዴት መንሸራተት እንደሚቻል የሚያስተምር፣ በቀለም ያበደ፣ ሁለት ኪሎ የሚሆን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ቁጥሩ 796.9 ነው። አንድ የማታ ተማሪ፣ ቀን ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣና መጀመሪያ ወደዚህ መደርደሪያ ይሄዳል፣ ከዚያ ነው ደብተሩን የሚከፍተው። ልጁ ስዊዘርላንድ ሊሄድ ነው እንዴ ብዬ አንድ ቀን መጽሐፉን ገለጥኩት። የአሥር፣ የሃምሳ፣ የመቶ ብር ኖቶች በየምዕራፉ ተደርድረዋል።

መልሼ ዘግቼ ጠበቅኩት። ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ በናትዎ፣ ለማንም አይንገሩብኝ። የምናድርበት ቤት አምስት ነን፣ ይጠፋብኛል።»

«አልናገርም። ግን ለምን እዚህ መጽሐፍ ውስጥ?»

«ሦስት ወር አየሁት። ማንም አይነካውም።»

«ፍቅር እስከ መቃብርም እኮ ወፍራም ነው።»

«ኧረ ጋሼ! እሱን በቀን ሦስት ሰው ይገልጠዋል። ልዘረፍ ነው?»

ክቡር እንግዳችን፣ ለቀልድዎ መልስ የሚሰጠው ይህ ልጅ ነው። ብሩ በየትኛው መጽሐፍ ውስጥ እንደማይነካ ለማወቅ ሦስት ወር ማጥናት ነበረበት። (ልጁ አሁን የባንክ ደብተር አለው። ስለዚህ ነገ መጥታችሁ 796.9 ላይ ፍተሻ እንዳትጀምሩ።)

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለሳቅ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። በዚህ ወር የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ መጣብን። ሦስት ቀን ቆጠሩ፤ ትጉህ ሰዎች ናቸው፣ አላማቸውም። ሪፖርቱን ሳነብ ግን የበረዶው መጽሐፍ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» ተብሏል። አራቱ ሰዎች የተጨቃጨቁበት «ጉዳት የደረሰበት፣ የሚወገድ»። አሥራ አንድ የአማርኛ ልብ ወለዶች «የጠፉ»። የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ፣ አንደኛ፣ የቀሩት የአማርኛ ልብ ወለዶች በመስታወት ቁምሣጥን ይቆለፍባቸው። ሁለተኛ፣ የጠፉት ከባለሙያው ደመወዝ ይቆረጥ። ባለሙያው እኔ ነኝ።

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ይገባዋል። መጽሐፉ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በስሜ ተፈርሞበታል፣ ልክ እንደ ወንበሩና እንደ መወልወያው። ወንበር ሳይነካ ሃያ ዓመት ቢቆይ ጥሩ ወንበር ነው። መጽሐፍ ሳይነካ ሃያ ዓመት ከቆየ ግን ምኑ ጥሩ ነው? ቅጹ ይህንን አይጠይቅም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የምታዩት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ፊቱን አጥቁሮ «የለም» የሚላችሁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። መጽሐፉ ከወጣ ደመወዙም አብሮ ይወጣል። ስለተነበበለት መጽሐፍ ምስጋና አግኝቶ አያውቅም፣ ስለጠፋበት ግን ይቀጣል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቆልፋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ መክተት ነዋ!

ድሮ አውሮፓ ውስጥ መጽሐፍ በሰንሰለት ከመደርደሪያው ጋር ይታሰር ነበር። በእጅ የሚጻፍ፣ የአንድ ሰው ዓመታት የሚፈጅ ነገር ስለነበር ምክንያት ነበራቸው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ምሁር ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 አምስት ሕጎቹን ሲያወጣ የመጀመሪያው ሕግ መጽሐፍ የተሠራው ሊሠራበት ነው የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠና ዓመት አልፎታል፣ እኛ ሰንሰለቱን በመስታወት ልንቀይር ነው።

ስለ ጠፉትም ልናገር፣ እውነቱን አልሸፍንም። አሥራ አንዱም ጠፍተዋል፣ ሌባው ሌባ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከእርዳታዎቹ አንድም አልጠፋም። የሰረቀው ሰው የሰረቀው ሊያነበው ነው፣ ቢበዛም አንብቦ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሊሸጠው ነው፤ የሚገዛው ስላለ። አንድ ልብ ወለድ ብዙ መቶ ብር በገባበት ዘመን፣ ያንን መጽሐፍ በነጻ የሚያገኝበትን ብቸኛ መደርደሪያ ቆልፈን፣ በሚቀጥለው ዓመት የንባብ ሳምንት ላይ ሪባን ቆርጠን «ሕዝባችን አያነብም» እንላለን። ከዚያ ቆሎ እንበላለን።

«ልጆቹ እኮ ለማትሪክ ደብተራቸውን ይዘው ነው የሚመጡት፣ መጽሐፍ አይነኩም» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ለወንበሩና ለመብራቱ ነው የሚመጡት፤ ቦታ ለመያዝ ምሳ ዕቃቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ስለሚሄዱ አምስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሽሮ ሽሮ ይላል። እኔ ግን ኬሚስትሪው የሰለቸው ልጅ አንገቱን ሲያዞር ከክንዱ ርቀት ላይ «አደፍርስ» እንዲኖር ነው የምፈልገው። ልጁ ቁልፍ ፍለጋ ወደ እኔ አይመጣም። ስልኩን ነው የሚያወጣው።

ሐሙስ ስብሰባ አለን። ደብዳቤዬን ጽፌያለሁ። የቁምሣጥኑ መግዣ ብዙ የሚነበቡት መጻሕፍት ሁለተኛ ቅጂ ይገዛበት፣ በንባብ ያረጀና በየዓመቱ የሚጠፋ ጥቂት መጽሐፍ ከሠራተኛ ደመወዝ ሳይሆን ከሒሳብ ይቀነስ ብያለሁ። የወንጀል ልብ ወለዱም አይወገድ፣ በእጄ እጠርዘዋለሁ። ጋሼ «እኔም እፈርማለሁ» ብለው ከሥሬ ፈርመዋል፤ ሥራ ፈላጊዎቹም። ምላጭ የያዘው ልጅም ሳይፈርም አልቀረም። የቁምሣጥኑ ነገር እንዴት እንደሆነ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። ቤታችሁ ሁለት ቅጂ የአማርኛ ልብ ወለድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ። ስለ በረዶ ከሆነ አመሰግናለሁ፣ አለን።

በነገራችን ላይ፣ በ2003 ዓ.ም. ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት «ከአድማስ ባሻገር»ን ጃኬትህ ውስጥ ከትተህ የወጣኸው ልጅ፣ አይቼህ ነበር። ዛሬ መሐንዲስ ሆነሃል፣ ጽሑፌን ሁሉ ላይክ ታደርጋለህ። ላይክህ ይደርሰኛል። መጽሐፉ ግን እስካሁን አልደረሰም።